«የት ከርሞ መጣ?» ጣፊያን «ትርፍ ሥጋ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አንድ ጽሑፍ እኔም ጋ ደረሰ። የላከችልኝ አዘዞ ያለችው እህቴ ናት፤ ከሥሩ «እውነት ነው እንዴ?» ብላበታለች። ጽሑፉ ስለ ጣፊያ ነው። ጸሐፊው ስማቸውን አላኖሩም፤ ብዕራቸው ግን የሚያስቀና ነው፤ አጭርና ደፋር፣ ደግሞ ሳቅ ያለበት። «ሐኪሞች የማይነግሩን» ነው የሚሉት፤ ሲጨመቅ ይህ ነው፦ ጣፊያ ትርፍ ሥጋ ነው። ያበጠ ጣፊያ የወባ ነው፤ የወባ መድኃኒት ይዋጥ። በዚያ ካልሆነ ተኩስ፣ ማለትም በጋለ ብረት ማቃጠል፣ ያሟሟዋል። ሆስፒታል ጣፊያን በመርፌ እየወጉ ሰው ይጨርሳሉ። አደጋ ደርሶበት በእግሩ የሄደ ሰው ጣፊያው ደህና ነው፤ ከተጎዳ ደግሞ ያን ዕለት ካልወጣ ሞት ነው። ጣፊያው የወጣለት ሰው ከዚያ ወዲያ ሐሳብ የለበትም።

እኔ ነርስ ነኝ። ጎንደር ውስጥ ከ20 ዓመት በላይ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሜአለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩትም ከቆላ የሚመጡ ወጣቶች በሚተኙበት ክፍል ነው። ስለዚህ ለእህቴ በድምፅ ልመልስላት የጀመርኩት እየረዘመ ሄዶ ጽሑፍ ሆነ።

«ትርፍ ሥጋ» ከሚለው ልነሣ። በግ ሲበለት ያየ ሰው ጣፊያን ያውቀዋል፤ ጨጓራው ላይ ተለጥፎ የሚገኝ፣ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ፣ እንደ ምላስ ጠፍጠፍ ያለ ነገር ነው። በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል፤ ቢላ ከነካው ደሙ ቶሎ አይቆምም። የሰውም ጠባዩ ያው ነው። በግራ በኩል ከ9ኛው እስከ 11ኛው ጎድን ሥር ተደብቆ ይቀመጣል፤ የጤነኛ አዋቂ ጣፊያ 150 ግራም ገደማ ይመዝናል። ይህችን ለምታህል ሥጋ በቀን ከ200 ሊትር የማያንስ ደም ይመላለስባታል። «ትርፍ» ለሆነ ነገር ይህን ያህል ደም ማን ይልካል?

ሥራው ማጣራት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው፤ ሲያረጅ ይደርቅና መተጣጠፍ ያቅተዋል። ጣፊያ ውስጥ እጅግ ጠባብ ስንጥቆች አሉ፤ ሕዋሱ በእነሱ ሾልኮ ማለፍ አለበት። ያላለፈ እዚያው ይቀራል፣ ይፈርሳል፣ ብረቱ ለአዲሱ ሕዋስ መሥሪያ ይመለሳል። ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም ሢሶ ያህላቸው የሚቀመጡት እዚያ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጠንካራ ሽፋን ለብሰው ከሰውነት ወታደሮች የሚያመልጡ ባክቴሪያዎችን ይዞ የሚያስቀር መሆኑ ነው፤ የሳንባ ምችንና የማጅራት ገትርን የሚያመጡት ከእነዚህ ናቸው። ይህ የታወቀው በዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1952 ኪንግ እና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች ጣፊያቸው በወጣላቸው አምስት ሕፃናት ላይ የደረሰውን ከባድ ኢንፌክሽን ጽፈው እስኪያሳውቁ ድረስ፣ የሕክምናው ዓለምም ከጸሐፊያችን ጋር አንድ ሐሳብ ነበር ማለት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አልክድባቸውም። ያለ ጣፊያ ይኖራል። ማውጣቱ ራሱ መድኃኒት የሚሆንበት በሽታም አለ፤ ለምሳሌ ሰውነት የራሱን ፕሌትሌት እየፈጀ መድኃኒት እምቢ ሲል፣ ወይም በዘር የመጣ የቀይ ደም ሕዋስ ችግር ኖሮ ጣፊያ ሕዋሱን ያለ ጊዜው ሲጨርሰው። መኖር መቻሉ ግን ትርፍ አያሰኘውም። ባንድ ዓይንም እኮ ይኖራል።

አሁን ወደ ዋናው። «ያበጠ ጣፊያ የወባ ነው» ያሉት እውነት የተቀላቀለበት ስለሆነ ከሁሉ የከፋው እሱ ነው። ወባ ጣፊያን ያሳብጣል፤ ይህ የታወቀ ነው። ደጋግሞ የያዘው ሰው ደግሞ ደሙ ውስጥ የወባው ተሕዋስ ሳይታይ ጣፊያው እምብርቱ ድረስ የሚወርድበት ሁኔታ አለ፤ ለዚያ የሦስት ቀን ኮአርተም አይበቃም፣ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የወባ መከላከያ ያስፈልገዋል። እሺ። ግን ሌላውስ?

የአክስቴን ልጅ ታሪክ ልንገራችሁ፤ እሱም ፈቅዶልኛል። በሐምሌ ለሰሊጥ አረም መተማ ወረደ፣ አጨዳውን ጨርሶ በኅዳር ተመለሰ። ደህና ነበር። ጥር ላይ ትኩሳት ጀመረው። አንድ ክሊኒክ ሄደ፤ ደም ሰጠ፤ «ወባ ነው» ተባለ፣ ኮአርተም ዋጠ። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ፋታ ሰጥቶት ተመለሰ። እዚያው ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ መድኃኒት ይዞ ወጣ። አንዳንዱ ፈጣን የወባ ምርመራ ከዳኑ በኋላም ለሳምንታት «አለ» ማለቱን እንደሚቀጥል እንኳ የነገረው የለም። እኔ ጋ የመጣው መጋቢት ላይ ነው። ሱሪው እንዳይወርድ ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በስቶበታል፤ አንገቱ ቀጥኗል፣ ሸሚዙ ላይ የነስር ደም አለ፣ ሆዱ ግን በግራ በኩል ተነፍቷል። እጄን ሳሳርፍ ጠርዙ ከጎድኑ ሥር አልፎ እምብርቱ አካባቢ ተቀበለኝ፤ ደረቅ፣ ለስላሳ ጠርዝ ያለው ነገር።

«የት ነው የከረምኸው?» አልሁት።

«መተማ።»

«የት ነበር የምትተኙ?»

«ሜዳ ላይ ነዋ፣ እቴቴ። ግራሩ ሥር።»

ሦስት ጊዜ ደሙን የወሰዱት ይህን አንዴም አልጠየቁትም። ጸሐፊያችንም ስድስት ነጥብ ሲደረድሩ ይህች ጥያቄ አልመጣችላቸውም። ጣፊያ ያበጠበት ሰው ሲመጣ በጎንደር የመጀመሪያው ጥያቄ «የት ከርሞ መጣ?» ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነች፤ ብዙው የጣፊያ በሽታ ግን የሚመጣው ከታች ነው፣ ከመተማ፣ ከሁመራ፣ ከአብደራፊ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከሐይቁ ዳር።

ልጁን የያዘው ካላዛር ነበር፤ በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ጣፊያ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣው በሽታ ነው። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት፤ መጠኗ የወባ ትንኝን ሢሶ ቢያክል ነው፣ ድምፅ የላትም፣ ቀዳዳው ሰፋ ባለ አጎበር ታልፋለች። ቀን የተሰነጠቀ የዋልካ አፈር ውስጥና ግራር አካባቢ ተደብቃ ትውልና ማታ ትወጣለች። እንግዲህ የቀን ሠራተኛው የሚተኛው እዚያው ነው። ከነደፈችው በኋላ በሽታው እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ስድስት ወር ይወስዳል፤ ለዚህ ነው ሰውየው ቤቱ ገብቶ፣ ገንዘቡን አጥፍቶ፣ መተማን ረስቶ ሳለ የሚታመመው። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፣ ክሳት፣ ያበጠ ጣፊያ፤ ሦስቱ ከተገኙ ከጣት ጠብታ ደም ተወስዶ በደቂቃዎች ውጤት የሚሰጥ ምርመራ አለ። ካልታከመ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ95 በመቶ በላይ ይገድላል።

«ቆላ ያልወረደ አይነካውም» የሚል ካለ ደግሞ በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ወረዳ የሆነውን ያስታውስ። ደጋ ነው፤ ካላዛር የሚባል ነገር አይታወቅም ነበር። ሰው ሲያልቅ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። በኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ከሁመራና ከመተማ የሚመለሱ ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም ተባለ። «ያበጠ ጣፊያ የወባ ነው» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ወረዳ ሙሉ ሰው አስከፍሏል። ስለዚህ ጸሐፊው እንደ አዲስ ግኝት ሲያቀርቡት ብቆጣ አይፍረዱብኝ።

ከደንቢያ፣ ከጎርጎራ፣ ከሳንጃ በኩል የመጣ ሰው ጣፊያው ሲያብጥ ደግሞ ሐሳቤ ወደ ቢልሃርዝያ ይሄዳል። ትሉ በዓመታት ጉበትን ያጠነክረዋል፤ ወደ ጉበት የሚሄደው ደም መንገድ ሲያጣ ወደ ጣፊያ ይመለሳል፣ የጉሮሮ ሥሮች ይነፋሉ፣ አንድ ቀን ሰውየው ደም ያስታውካል። ፕራዚኳንቴል ትሉን ይገድላል፤ ጠባሳ የሆነውን ጉበት ግን እንደ ልጅነቱ አያደርገውም። ቲቢም፣ የጉበት በሽታም፣ የደም ካንሰርም ጣፊያን ያሳብጣሉ፤ ከደም ካንሰሮቹ አንዱ ዛሬ በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ተይዞ የሚኖርበት ነው። ኮአርተም ለአንዳቸውም አይሠራም።

ተኩሱ ላይ ብዙ አልቆይም። የአክስቴ ልጅ በግራ ጎኑ ሦስት ክብ ጠባሳ ነበረው፤ እትዬ ወደ ተኳሽ ወስደውት ነው፣ ልጃቸው እያለቀ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጡ? አልፈርድባቸውም። ግን የጋለው ብረት የሚያቃጥለው ቆዳን ነው። ከቆዳው ሥር ስብ አለ፣ ጡንቻ አለ፣ ጎድን አለ፤ ጣፊያው ከዚያ ሁሉ ወዲያ ነው። ካላዛር ነጭ የደም ሕዋስን ስለሚያሟጥጥ ቁስሉ ቶሎ ያመረቅዛል። «እገሌ ተተኩሶ ዳነ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ ወባው ሲሻለው ጣፊያው በራሱ ጊዜ የገባለት ሰው ነው። ከተኩሱ ይልቅ የሚያስፈራኝ ማሸቱ ነው። ያበጠን ጣፊያ በቅቤ የሚያሽ ሰው ሊያፈርሰው ይችላል፤ ካበጠ ሽፋኑ ስለሚወጠር በትንሽ ግፊት፣ አንዳንዴም ያለ ምክንያት ይቀደዳል። በዚህ ጉዳይ ወጌሻም፣ እናትም፣ በየተራ ሆድ የሚጫን የሕክምና ተማሪም እኩል ናቸው።

ስለ መርፌው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ከባዶ አልተነሡም፤ የጎንደር ሐኪሞች ከጣፊያ በመርፌ ይወስዳሉ፣ አደጋም አለው። ጥናቶች የሚናገሩት በደንብ በሠለጠነ እጅ ከ1,000 አንድ ገደማ ከባድ የደም መፍሰስ እንዳለ ነው። ግን እንዴት እንደሚሠራ ይታይ። መጀመሪያ ደሙ ይመረመራል፤ ፕሌትሌቱ ከ40,000 በታች ከሆነ፣ ደሙ ቶሎ የማይረጋ ከሆነ፣ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆነች አይነካም። ጣፊያው ከጎድን ሥር በደንብ ወርዶ መዳሰስ አለበት። ጠርዙ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ይሠመራል። በሽተኛው ትንፋሹን እንዲይዝ ይነገረዋል፤ ቀጭኑ መርፌ ገብቶ የሚወጣው አንድ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ተጠቅልሎ ለሰዓታት በጀርባው ይተኛል፣ እኛም የደም ግፊቱንና የልብ ምቱን በየጊዜው እንለካለን። የወጣው ጠብታ ስላይድ ላይ ተቀብቶ ማይክሮስኮፕ ሥር ይታያል፤ ተሕዋሱ ካለ ብዙ ጊዜ አያመልጥም። የጠብታዋ ደም ምርመራ በሽታውን በግልጽ ባሳየበት ሰው ላይ ይህ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ውጤቱ ግልጽ ባልሆነበት፣ ወይም በሽታው በተመለሰበት ሰው ላይ ነው። ተሕዋሱ ራሱ ለዓለም የታወቀውም በጣፊያ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1903 ሊሽማን ከሞተ ወታደር ጣፊያ፣ ዶኖቫን ደግሞ በሕይወት ካለ በሽተኛ ጣፊያ በመርፌ ወስዶ አሳዩት። «ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ» የሚለውን ስሙን ያገኘው ከሁለቱ ነው።

እዚያች የእስክሪብቶ መሥመር ላይ ትንሽ ልቁም። የአክስቴ ልጅ ሕክምናው 17 ቀን ነበር፤ ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን፣ በየቀኑ ሁለት መርፌ። ያማል። ልብንም ጉበትንም ስለሚነካ ክትትል ይፈልጋል። ከጎድኑ እስከ ጣፊያው ጠርዝ በሜትር ስለካው መጀመሪያ 14 ሴንቲ ነበር። በአምስተኛው ቀን ትኩሳቱ ጠፋ፣ እንጀራ ጠየቀ። በ17ኛው ቀን 6 ሴንቲ ደረሰ። አሮጌው መሥመር ሲታጠብ አልለቅ ብሎ ሆዱ ላይ ስለቀረ ልጁ ራሱ እያየ «ቀርቷል፣ ቀርቷል» ይል ነበር፤ በስድስተኛው ወር ሲመጣ ስዳስሰው ጣፊያው ከእጄ ጠፋ፣ ሦስቱ የተኩስ ጠባሳ ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም። ካላዛር የተገኘበት ሁሉ ኤችአይቪም ይመረመራል፤ ሁለቱ ከተገናኙ በሽታው ይመላለሳል፣ ሕክምናውም ይለያል። ለእነሱ የሚሰጠው የአምፎቴሪሲንና የሚልቴፎሲን ቅንጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ጤና ድርጅት ሲመከር፣ መነሻ ከሆኑት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው ጎንደርና አብደራፊ ላይ ነው። «ሐኪሞች የማይነግሩን» ከተባለ ይህን ልንገራችሁ፦ ጎንደር በዚህ በሽታ ተማሪ ብቻ ሳትሆን አስተማሪም ነች።

«በእግሩ የሄደ ሰው ደህና ነው።» ይህን ያነበበ ሰው ከባጃጅ ወድቆ ቤቱ ገብቶ እንዳይተኛ እሰጋለሁ። አንድ ገበሬ ነበር፤ በቅሎ በግራ ጎኑ ረገጠችው። ገበያውን ውሎ፣ ጨውና ቡናውን ገዝቶ፣ በእግሩ አገሩ ገባ። በስድስተኛው ቀን «ትከሻዬን አመመኝ» ብሎ መጣ፤ የግራ ትከሻውን። ትከሻው ምንም አልሆነም። ከጣፊያው የፈሰሰ ደም ከሳንባ ሥር ያለውን መጋረጃ ሲነካው ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል፤ ነርቩ አንድ ነው። መጀመሪያ ደሙ ሽፋኑ ውስጥ ታጉሮ ነበር፤ በኋላ ሽፋኑ ተቀደደ። እንዲህ ያለ የዘገየ ፍሳሽ በቀናት፣ አንዳንዴም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል። ስለዚህ በግራ ጎኑ የተመታ ሰው ቢሄድም፣ ቢስቅም፣ ከነጣ፣ ካላበው፣ ሲነሣ ካዞረው፣ ሆዱ ከደረቀ ወይም የግራ ትከሻው ካመመው ሌሊትም ቢሆን ይምጣ። ቀድሞ ጣፊያው ያበጠ ሰው ከሆነ ደግሞ ለትንሽ ምት።

ሁለተኛው ክፍል፣ «ወዲያው ካልወጣ ሞት ነው» የሚለው፣ ከድሮ ጊዜ የተረፈ ነው። ዛሬ የሚታየው የደም ግፊቱ ነው። ግፊቱ እየወደቀ፣ ሆዱ በደም የሞላ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይገባል፤ ያኔ ማውጣቱ ነፍስ ማዳን ነው፣ ማንም አያመነታም። ግፊቱ ከተረጋጋ ግን አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ደሙ በየሰዓቱ እየታየ፣ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን እየተከታተሉት፣ የተዘጋጀ ደም አጠገብ ኖሮ ይጠበቃል። የልጆች ጣፊያ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል በዚህ መንገድ ይድናል። «ሐኪሙ ቆሞ ያያል እንጂ አይሠራም» ብለው ጸሐፊው የተሳለቁት እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። ያ መጠበቅ ሥራ ነው፤ አንድ ሌሊት አብረውኝ ቢያድሩ ያዩት ነበር። አስታማሚውም ድርሻ አለው፦ ደም ሲጠየቅ አለመሸሽ። ከዳነ በኋላ ደግሞ ለወራት ከባድ ሸክምና እግር ኳስ የለም። ለዚህ ትእዛዝ የሚታዘዝ ገበሬ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ብቻ እንናገራለን።

የመጨረሻው፣ «የወጣለት ሰው ሐሳብ የለበትም» የሚለው ነው። አለበት። ያ ሽፋን ለባሽ ባክቴሪያ ጣፊያ በሌለው ሰው ደም ውስጥ ሲገባ ጠዋት ብርድ ብርድ ያለው ሰው ማታ ሊሞት ይችላል፤ ከያዘው እስከ ግማሽ ያህሉን ይገድላል። ብዙ ሰው ላይ አይደርስም፣ ግን ዕድሜ ልክ አይለቅም። ስለዚህ የሳንባ ምች የሚያመጣው የኒሞኮከስ፣ የማጅራት ገትርና የሄሞፊለስ ክትባት ያስፈልገዋል፤ ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ያለው ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በአደጋ ከሆነ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ። ለሕፃናት የሚሰጠውን ክትባት አዋቂው በልጅነቱ አላገኘውም፤ የኒሞኮከሱ አገራችን የገባው በ2004 ዓ.ም. ነው። ልጆች ደግሞ ለዓመታት ፔኒሲሊን ይወስዳሉ። ወባ ባለበት አገር የሚወርድ ከሆነ መከላከያ ሳይዝ አይሂድ፤ ወባም ጣፊያ ለሌለው ሰው ይብስበታል። ውሻ ከነከሰውም የእብድ ውሻ ክትባት ብቻ ወስዶ አይመለስ፤ ከውሻ አፍ የሚገባ ባክቴሪያ ይህን ሰው ለብቻው ሊገድለው ይችላል። ለሚያክመው ሐኪም «ጣፊያ የለኝም» ማለት አለበት። ጎንደር ማታ የወጣ ሰው ስለ የትኞቹ ውሾች እንደማወራ ያውቃል።

ያ በቅሎ የረገጠችው ገበሬ ጣፊያው ወጥቶ ሲሸኝ በጠንካራ ወረቀት «ይህ ሰው ጣፊያ የለውም፤ ትኩሳት ካለው ቶሎ መድኃኒት ይጀመርለት» ብዬ ጻፍኩለትና በፕላስቲክ ጠቀለልኩለት። ማንበብ አይችልም። ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ሌሊት እየተንቀጠቀጠ፣ በሁለት ሰው ተደግፎ መጣ። ካርድ ክፍል ስሙን ሲጠይቁት ከመታወቂያው በፊት ያወጣው ያቺን ወረቀት ነው።